ያልተመዘነው ጭድ

ሰውዬው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ነገር ግን ከደመወዝ መዝገቡ በቀር የሚጠራበት የለም። ባልደረቦቹ «ግራም» ይሉታል፤ የሚያከብሩት ደግሞ «ጋሼ ግራም»። በእንስሳት ምርምር ጣቢያው ሃያ ስምንት ዓመት የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ጠዋት ለበጎቹ የሚቀርበውን መኖ ይመዝናል፣ በማግስቱ ያስተረፉትን ይመዝናል፣ ሁለቱንም ይጽፋል። በጉ ምን ያህል እንደበላ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በግ ተጠይቆ አይናገርም።

አንዳንድ ሰው ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶት ይወጣል። የግራም ሥራ ግን አብሮት ቤት ይገባል። ሚስቱ ያቀረበችለትን ቀምሶ «ጨው አንሶታል» አይልም፤ «ሁለት ግራም ይጎድለዋል» ይላል። «እንግዲያው ሄደህ መዝነህ ጨምር» ትለዋለች፤ ሄዶ መዝኖ ይጨምራል። ባለሥጋ ቤቱ ከሩቅ ሲያየው ሚዛኑን በጨርቅ መወልወል ይጀምራል። ሴት ልጁ የተወለደች ቀን ለዘመድ ሁሉ እየደወለ «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ!» አለ፤ ወንድ ትሁን ሴት ማወቅ የፈለገ ዘመድ መልሶ መደወል ነበረበት።

በዚህ ሁሉ ይሳቅበት እንጂ ባንድ ነገር የሚስቅበት አልነበረም። ግራም የውሸት ቁጥር ጽፎ አያውቅም። ዝናብ ገብቶ ትርፍራፊው የራሰ ቀን ቦታውን ባዶ ትቶ ዶክተሮቹን ያበሳጫል እንጂ በግምት አይሞላም። «ግምት የሰነፍ ሚዛን ነው» ይላል። እንግዲህ ይህን ያለው ሰው ነው የኋላ ኋላ ጉድ የሠራው።

ጉዱ የመጣው በበለስ ቁልቋል ነው። ዝናብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሲያንስ ጭድ እንደ መድኃኒት ጠፋ። በየአጥሩ የተገተረው ቁልቋል ግን ድርቁን የሰማም አይመስል፤ አረንጓዴ እንደሆነ ቆመ። በዚያን ጊዜ ወደ ጣቢያው የተዛወረች አንዲት ወጣት ዶክተር ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ በወረቀት ጻፈችው፤ ጭድ ሲጠፋ ቁልቋል ይተካዋል ወይስ አይተካውም? ሃያ አራት በግ፣ አራት ቡድን፣ ዘጠና ቀን። የመጀመሪያው ቡድን ጭድና ትንሽ ፉርሽካ ይበላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭድና ቁልቋል ተደባልቆ ይቀርብላቸዋል። አራተኛው ቡድን ቁልቋልና ፉርሽካ ብቻ፤ ጭድ የሚባል ነገር ዓይኑ እንዳያይ።

ግራም በየጠዋቱ የቁልቋሉን ቅጠል በጉጠት ይይዝና በጋዝ እሳት እሾሁን ይለበልባል። እሾሁ ትር ትር እያለ ይቃጠላል፤ ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አጠውልጎ በትልቅ ቢላዋ ይከትፈዋል። የተከተፈ ቁልቋል ያዝለገልጋል፤ ከእጅም፣ ከቢላዋም፣ ከሚዛኑ ሳህንም አልላቀቅ ይላል። በጎቹ ወደዱት። ችግሩ መውደዳቸው አልነበረም። ቁልቋል ካሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ የበግ ሆድ ደግሞ የሚያመሰኳው ሻካራ ነገር ይፈልጋል። በጎቹ ሲመጡም የድርቅ ከሲታ ነበሩ፤ እንኳን ዘንቦባቸው እንዲሁም ጤዛ ናቸው። አራተኛው ቡድን በሳምንቱ ከኋላው ማፍሰስ ጀመረ።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ መውጫ ላይ ግራም መተላለፊያውን በሣር መጥረጊያ ሲጠርግ፣ ሃያ አንድ ቁጥር ጉረኖ ውስጥ ያለው በግ አንገቱን በፍርግርጉ አሾልኮ የመጥረጊያውን ጫፍ ያዘ። ግራም ሳበ፤ በጉም ሳበ። ግራም ሲያሸንፍ የመጥረጊያው ሲሶ በበጉ አፍ ቀርቶ ነበር። በጉ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ። ግራም በበግ ፊት ላይ ደስታ አይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን አየ። መጥረጊያ በመኖ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ የተረፈውን መጥረጊያ ካዲስ መጥረጊያ ጋር መዝኖ አስተያየ፤ አርባ ግራም ጎድሏል። ይህንኑ ሪፖርት ሊያደርግ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደ። ዶክተሯ ስብሰባ ላይ ነበረች።

ብትኖር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ግራም ተመለሰ፤ በጉ አሁንም መጥረጊያውን ያያል። አንጀቱ አልችል አለ። ለላሞች መኝታ ከሚነጠፈው፣ ማንም ከማይመዝነው ጭድ ሦስት እፍኝ አንስቶ ጣለለት። አምስቱ ጓደኞቹ ይህን አይተው ጮኹ። ለአንዱ ሰጥቶ ለአምስቱ መንሳት ግፍ መሰለውና ለነሱም ሦስት ሦስት እፍኝ ጣለ። «ለዛሬ ብቻ» አለ። ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያለው።

ሰማንያ ሁለት ቀን ሰጣቸው። ጠዋት ከመመዘኑ በፊት ገንዳ ውስጥ የቀረች የጭድ ሰበዝ ካለች በጣቱ ለቅሞ ያወጣል፤ የትርፍራፊው ቁጥር እንዳይሳሳት። ስለዚህ በጻፈው ሁሉ ውስጥ አንድም የውሸት ቁጥር አልነበረም። ራሱንም ሲያጽናና የነበረው በዚሁ ነው።

በጎቹ አማረባቸው። አራተኛው ቡድን ከመጀመሪያው እኩል ወፈረ። ዶክተሯ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደመረችውና ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «ጋሼ፣ ጭድ አያስፈልግም ማለት እኮ ነው! ይገባዎታል? ምንም ጭድ የሌለው ሰው እንስሳውን ማዳን ይችላል ማለት ነው!» አለችው። ግራም በዚህ ጊዜ አፉን መክፈት ነበረበት። አልከፈተም። ደስታዋን ማበላሸት ከበደው፤ ደግሞስ ትንሽ ጭድ ምን ያመጣል ብሎ ገመተ። አዎ፣ ገመተ።

በራሪ ወረቀት ታተመ። ርዕሱ «ጭድ ባይኖርም ቁልቋል ይበቃል» ይላል። ከርዕሱ ሥር ፎቶ አለ፤ ግራም ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የተለበለበ ቁልቋል በጉጠት ይዞ፣ ካሜራውን ያያል። ፎቶ ሲነሳ ስለማይስቅ የሚያምኑት ዓይነት ሰው ይመስላል።

ወረቀቱ አገር ምድሩን አዳረሰ። ከአምስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ማዶ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ቤትም ደረሰ። እህቱ ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጆቿ በየአገሩ ተበትነዋል። በግቢዋ ከሷ ሌላ የሚተነፍስ አንዲት ላም ናት። የምትጠጣውም፣ የምትሸጠውም፣ የምትነዘንዘውም እሷኑ ነው። ግቢዋ ደግሞ ዙሪያውን በቁልቋል የታጠረ ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈችና እንደተጻፈው አደረገች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች።

«ላምህን ና እይ» አለችው። ሰላምታ አልቀደመውም።

«እኔ ምን ላም አለኝ፣ እታለም?»

«አሁን አለችህ። እኔ የማውቃት ላም እንዲህ አልነበረችም። ከኋላዋ እንደ ቧንቧ ተከፍታለች። ከተኛች ሁለት ቀኗ ነው።»

«ምን አብልተሻት ነው?»

«ወረቀቱ ያለውን።»

«ጭድ አልጨመርሽም?»

«ወረቀቱ ጭድ ባይኖርም ይበቃል ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንተ ቆመሃል።»

ግራም ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ፈቃድ ጠይቆ አውቶቡስ ተሳፈረ። ከጣቢያው ጭድ ይዞ መሄድ አስቦ ነበር፤ ስርቆት ነው ብሎ ተወው። ለበጎቹ የሰጠውም ስርቆት እንደነበር ትዝ ያለው ያኔ ነው። መንገድ ላይ እገዛለሁ አለ፤ በአምስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ግን የሚሸጥ ጭድ ቀርቶ የቆመ ክምር አላየም። ያየው ቁልቋል ነው፤ ግማሹም ተቆርጦ አልቋል።

ላሟ በጎኗ ተኝታ ነበር። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ጅራቷና ታፋዋ በፍሳሽ ተለብጧል። ግራም ተንበርክኮ ሆዷ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። የላም ሆድ መንጎራጎር አለበት፤ የሷ ዝም ብሏል።

«ጭድ አምጪ» አለ።

«ጭድ ቢኖረኝ ቁልቋል እሰጣት ነበር?»

«ጎረቤትስ?»

«ጎረቤትም ወረቀቱን አንብቧል።»

ግራም ቤት ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን አየ። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ራሱ፣ አልጋ። ከአልጋው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «ፍራሽሽ ውስጡ ምንድን ነው?» አላት። እህቱ አየችው፤ አልጋውን አየች፤ ቢላዋ ልታመጣ ወጣች።

ፍራሹን በመካከሉ ቀደዱት። ጭዱ ቢያረጅም ደረቅና ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ወንድምና እህት ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አቧራውን እያራገፉ በቁና ሞሉት። ሚዛን ስለሌለ ግራም በእፍኙ እየሰፈረ ለላሟ ያቀርብ ጀመር፤ መጀመሪያ በጣቱ ምላሷ ላይ አስቀመጠላት። ስምንተኛው እፍኝ ላይ ላሟ መንጋጋዋን አንቀሳቀሰች። ግራም ያን ጊዜ ነው የሆዱን ያወጣው። መጥረጊያውን፣ ሦስቱን እፍኝ፣ ሰማንያ ሁለቱን ቀን አንድ በአንድ ነገራት። የሚያስቀረው ነገር አልነበረም።

እህቱ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቀችው። «ስለዚህ በጎቹ ጭድ እየበሉ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አዝነህላቸው።»

«አዎ።»

«አንተ በግ አሳዝኖህ ዝም ስላልክ የኔ ላም ልትሞት ነው።»

«አልሞተችም፣ እታለም።»

«እሱን ነገ እናያለን» አለችና ባዶውን የፍራሽ ጨርቅ አጣጥፋ ራስጌዋ አደረገች። ያን ሌሊት በአልጋው ጣውላ ላይ ተኛች። ግራምም ወለሉ ላይ ተኛ፤ ምቾት ቢሰማው ኖሮ ያፍር ነበር።

በማግስቱ ላሟ አመሰኳች። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ቆመች፤ ቀጥሎም ቅርጽ ያለው እበት ጣለች። ግራም በሕይወቱ ብዙ እበት አይቷል፤ እንዲህ ደስ ያለው ግን የለም። እህቱን ጠርቶ አሳያት። እሷም መጥታ በቁም ነገር አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ «ተነስ። ወረቀቱ ያለው እኔ ቤት ብቻ አይደለም» አለችው።

ቤት ለቤት ወሰደችው። በየደጁ እየቆመ «ቁልቋል ብቻውን አይበቃም፤ የምታገኙትን ደረቅ ነገር ሁሉ ጨምሩበት፤ የደረቀ ቅጠልም ቢሆን፣ የአገዳ ፍርፋሪም ቢሆን» አለ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዲት ሴትዮ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ይህን ሁሉ ቻለው። ያልቻለው አናጺውን ነው። አናጺው ሁለት ፍየሎች ነበሩት፤ ሁለቱም ካለቁ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ግራምን ሲያይ ከሥራው ላይ ተነሳና እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ከወረቀቱ ላይ ነው የማውቅህ!» አለው። «ምክርህ ጥሩ ነበር። የኔ ፍየሎች ናቸው ያልቻሉት። ድሮም ደካሞች ነበሩ።»

ግራም እጁን ማስለቀቅ አቃተው። «ፍየሎችህ ምንም አልነበራቸውም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ለምን እንደሆነም ነገረው። አናጺው እስኪጨርስ ሰማውና እጁን ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ወደ ጣውላው ተመልሶ መላጊያውን አነሳ። ቢሰድበው ኖሮ ለግራም እንዴት በቀለለው።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ግራም ረቡዕ ጠዋት ዶክተሯ ቢሮ ገባ። ቁጭ በሉ ብትለው አልቀመጥ አለ። ቆሞ ተናገረ፤ ከመጥረጊያው ጀምሮ እስከ አናጺው። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ስንት ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ሦስት እፍኝ።»

«እፍኝ ስንት ነው፣ ጋሼ?»

ግራም መዳፉን አየ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ መልስ አጥቶ አያውቅም። «አልመዘንኩትም» አለ።

ዶክተሯ ተነስታ ወደ መኖ ቤቱ ይዛው ሄደች። ሚዛኑን ዜሮ አደረገችና «ያኔ እንደሚያነሱት አድርገው ያንሱ» አለችው። አነሳ፤ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፤ ጻፈች። መልሶ አነሳ። ሠላሳ ጊዜ አስነሳችው። እጁ ግን የለመደውን አይረሳም፤ ከሃምሳ አምስት አይወርድም፣ ከስድሳ አንድ አይወጣም። አማካዩ ሃምሳ ስምንት ሆነ። «መቶ ሰባ አራት ግራም በቀን፣ ለእያንዳንዱ በግ» አለች። «ከበሉት አንድ አምስተኛ ያህል። እና እኔ ጭድ አያስፈልግም ብዬ ጽፌያለሁ።»

ማተሚያ ቤቱ ተነገረው፤ ሕትመቱ ቆመ። ሐሙስ ዕለት በፎቶው ምትክ አንዲት አጭር ማሳሰቢያ በየወረዳው ተላከች፤ የፊተኛው ወረቀት ተሳስቷል፣ ቁልቋል ብቻውን እንዳትሰጡ ትላለች። ለግራም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው «ጥቂት ጭድ ያለፈቃድ በመስጠት» ይል ነበር። ግራም «ጥቂት» የሚለው «መቶ ሰባ አራት ግራም» ተብሎ ይታረምልኝ ብሎ መለሰው፤ ታርሞ መጣለት፤ ፈረመ።

ከወር በኋላ ዶክተሯ ሌላ ሃያ አራት በግ አስመጣች። «ጭድ ለሌለው ሰው ጭድ ጨምር ማለት ምክር አይደለም» አለች። «ትንሹ ስንት ሲሆን ያድናል ነው ጥያቄው። ለዚያ ደግሞ አንዱ ቡድን ምንም ሳያገኝ መታየት አለበት። መተኛት ሲጀምሩ እናቆማለን፤ ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።»

«ሌላ ሰው ይመዝን፣ ዶክተር» አላት ግራም። «እኔን እንዴት ያምኑኛል?»

«ሌላው ሰው ቢሰጣቸው አይነግረኝም። እርስዎ ነግረውኛል።»

«እንግዲያው የጭድ ቤቱን ቁልፍ እርስዎ ይያዙልኝ።»

«አልይዝም» አለች። «እርስዎ ጋ ይቆይ።»

ሙከራው ተጀመረ። ግራም ለበለበ፣ አጠወለገ፣ ከተፈ፣ መዘነ። በሳምንቱ የአራተኛው ቡድን ጉረኖ ወለል ረጠበ። በአሥረኛው ቀን በመውጫ ሰዓት ሃያ አንድ ቁጥር ፊት ለፊት ሲደርስ አዲሱ በግ አንገቱን አውጥቶ የጋዋኑን እጅጌ ያዘ። ግራም አልጎተተም። በጉ ጨርቁን ትንሽ አኝኮ፣ የሚበላ እንዳልሆነ ሲያውቅ ራሱ ለቀቀው። ከዚያ ቀና ብሎ አየው። ጭዱ ከግራም ኋላ ነበር፤ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም። የጭድ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ላሟ ትዝ አለችው፤ አናጺው ትዝ አለው፤ ነገር ግን በጉን የሚያየው በዓይኑ ነው፣ እነሱን በሐሳብ ነው።

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። መዝገቡን ገለጠ። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤ ዶክተሮቹ የሚጽፉበት እንጂ መዛኝ የሚነካው አይደለም። ግራም እርሳሱን አንስቶ ሃያ አንድ ቁጥር ትይዩ፣ ቦታው እንዲበቃው ፊደሉን አሳንሶ ጻፈ።

«በጉ እጄን አየ። እጄ ባዶ ነበር።»

ቀኑን ጨመረበት፤ ፈረመ፤ በሩን ቆልፎ ወጣ።